መሬቱ የማኅበሩ፣ ቤቱ የእናንተ፦ በላንድ ትረስት በኩል ቤት ለመግዛት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

አብዛኞቻችን የምንኖረው ሁለት ሰው ቀን ከሌት እየሠራም ቤት መግዛት ሕልም በሆነባቸው የአሜሪካ ከተሞች ነው። ሲያትል፣ ዲሲና አካባቢው፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ኦክላንድ። ዳውን ፔይመንት (የቅድሚያ ክፍያ) እናጠራቅማለን፣ ሊሞላልን ሲል ዋጋው ጥሎን ይሄዳል፤ እንደገና እንጀምራለን። ኪራዩ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል።

ይህ መመሪያ ብዙ ሰው ስላልሰማበት አንድ መንገድ ነው። ኮሚኒቲ ላንድ ትረስት ይባላል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሬት ይገዛል ወይም ከከተማው በስጦታ ያገኛል፣ ያንን መሬት መቼም አይሸጥም። በመሬቱ ላይ ያለውን ቤት ግን ገቢው መካከለኛና ከዚያ በታች ለሆነ ቤተሰብ ከገበያ ዋጋ በታች ይሸጣል። እናንተ የቤቱ ባለቤት ትሆናላችሁ፣ ለመሬቱ ደግሞ የ99 ዓመት የሊዝ ውል ትፈርማላችሁ። ለዚህ ሁሉ የምትከፍሉት ዋናው ዋጋ አንድ ነው፦ ቤቱን ስትሸጡ ገበያው በሚለው ዋጋ አትሸጡትም፣ ውሉ ላይ በተጻፈው ስሌት ትሸጡታላችሁ፣ ስለዚህ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ቤተሰብም እንደ እናንተ በረከሰ ዋጋ ይገባል።

መሬትና ቤት ተለያይተው መታየታቸው ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አገር ቤት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ሊዝ አዋጅም ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። ልዩነቱ እዚህ የመሬቱ ባለቤት መንግሥት አለመሆኑ ነው፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው በቦርዱ ውስጥ ድምፅ ያላቸው ማኅበር ነው። በተለመደው አደረጃጀት ከቦርዱ አንድ ሦስተኛው በትረስቱ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች፣ አንድ ሦስተኛው የሰፈሩ ሌሎች ነዋሪዎች፣ ቀሪው አንድ ሦስተኛ ደግሞ የከተማው ተወካዮች፣ ባለሙያዎች ወይም የሌሎች ድርጅቶች ሰዎች ናቸው።

ሐሳቡ የተወለደው በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቻርልስ ሼሮድና ጓደኞቹ በጆርጂያ ግዛት ኒው ኮሚኒቲስ የሚባል ማኅበር መሥርተው ወደ 5,700 ኤከር የሚጠጋ የእርሻ መሬት ገዙ። ብዙዎቹ ጥቁር ገበሬዎች ለመምረጥ ስለተመዘገቡ ብቻ ከሚያርሱት መሬት የተባረሩበት ዘመን ነበርና፣ ማንም ሊነቅላቸው የማይችል መሬት ነው የፈለጉት። ድርቁ ሲመጣ የመንግሥት ብድር በአድልዎ ተከለከሉና በ1985 መሬቱን አጡ፣ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1984 የበርሊንግተን፣ ቨርሞንት ከተማ፣ ያኔ በርኒ ሳንደርስ ከንቲባ ሳሉ፣ በ200,000 ዶላር መነሻ ገንዘብ የራሱን ትረስት አቋቋመ። ዛሬ ቻምፕሌን ሃውዚንግ ትረስት የሚባለው እሱ ነው። አሁን በአገሪቱ ከ200 በላይ ትረስቶች አሉ።

መጀመሪያ፦ ለእናንተ ይሆናል ወይ?

እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ሂሳቡን ሳያዩ የሚፈርሙ ሰዎች ናቸው በኋላ የሚቆጩት። በምሳሌ ልሂድ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ናቸው።

ገበያ ላይ 400,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት አለ እንበል። ትረስቱ መሬቱን ይይዝና ቤቱን በ270,000 ይሸጥላችኋል። እናንተ 10,000 ዳውን ትከፍላላችሁ፣ 260,000 ትበደራላችሁ። በ30 ዓመት ብድር፣ በ6.5 በመቶ ወለድ፣ የወር ክፍያው ወደ 1,643 ዶላር ነው፤ ታክስ፣ ኢንሹራንስና ለትረስቱ በየወሩ የሚከፈለው የመሬት ክፍያ ሳይጨመር። ያንኑ ቤት በገበያ ዋጋ፣ በዚያው 10,000 ዳውን ብትገዙት ኖሮ ወሩ 2,465 ይሆን ነበር። በወር ከ800 ዶላር በላይ ልዩነት ነው። እሱም ባንኩ ካበደራችሁ ነው።

አሁን ከ8 ዓመት በኋላ ልትሸጡ ነው። ቤቱ ገበያ ላይ 500,000 ገብቷል፣ ማለትም 100,000 ጨምሯል። ብዙ ትረስቶች የሚጠቀሙበት ስሌት ከጭማሪው 25 በመቶውን ለእናንተ ይሰጣል። ስለዚህ የመሸጫ ዋጋችሁ 270,000 ሲደመር 25,000፣ በድምሩ 295,000 ነው። በዚያ ጊዜ የብድሩ ቀሪ ዕዳ ወደ 230,500 ወርዷል። በእጃችሁ የሚገባው፣ የሽያጭ ወጪው ሳይቀነስ፣ ወደ 64,500 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 10,000ው ዳውናችሁ፣ 29,500ው በ8 ዓመት ከብድሩ የከፈላችሁት፣ 25,000ው የጭማሪው ድርሻችሁ ነው።

64,500 ዶላር ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ለ8 ዓመት ኪራይ የከፈለ ሰው በእጁ ምንም አይቀርም። ግን 500,000 በሚሸጥ ሰፈር ውስጥ ሌላ ቤት በገበያ ዋጋ ለመግዛት ላይበቃ ይችላል። ይህን ከአሁኑ እወቁት። በገበያ ዋጋ መግዛት ከቻላችሁና ብድሩ የማያናውጣችሁ ከሆነ በገበያ ግዙ፤ ትረስቱ ለእናንተ የተሠራ አይደለም። ቤት ገዝታችሁ በሁለት በሦስት ዓመት አትርፋችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁም አትግቡበት። ለኔ ይህ መንገድ የሚሆነው ልጆቹን ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ማንከራተት ለሰለቸው፣ ኪራዩ በመጨመሩ ከሥራ ቦታውና ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ እየራቀ ለሄደ፣ ተረጋግቶ መኖር ለሚፈልግ ሰው ነው።

ሁለተኛ፦ በአካባቢያችሁ ያለውን ትረስት ፈልጉ

ግራውንድድ ሶሉሽንስ ኔትወርክ የሚባለው አገር አቀፍ ድርጅት የትረስቶችን ዝርዝር ይይዛል። እኛ በብዛት በምንኖርባቸው ከተሞች ካሉት ጥቂቶቹን ልጥቀስ፦ በሲያትልና በኪንግ ካውንቲ ሆምስቴድ፣ በዲሲ ዳግላስ፣ በኮሎራዶ ኤሌቬሽን፣ በሚኒያፖሊስ ሲቲ ኦፍ ሌክስ፣ በፖርትላንድ ፕራውድ ግራውንድ፣ በአትላንታ አትላንታ ላንድ ትረስት፣ በኦክላንድ ኦክላንድ ኮሚኒቲ ላንድ ትረስት። አውሮፓ ያላችሁም አትቅሩ፤ ብራስልስ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ የሚሠራ ትረስት አለ፣ ለንደንም እንዲሁ።

ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ቤቶቹን ራሳችሁ ናችሁ የምታቀርቡት ወይስ እኔ ገበያ ላይ ፈልጌ አምጥቼ እናንተ ዋጋውን የሚቀንሰውን ድጎማ ታስገቡበታላችሁ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ትረስቱ ራሱ በሚያቀርባቸው ቤቶች ወረፋ አለ፣ ቤቱም ትረስቱ በመረጠው ቦታ ነው። እንደ ሲቲ ኦፍ ሌክስ ያሉት ግን ገዢው ራሱ ቤት እንዲመርጥ የሚፈቅድ ፕሮግራም አላቸው። ቀጥሎ ወረፋው እንዴት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ በተመዘገቡበት ቀን ነው፣ በዕጣ ነው ወይስ ዶክመንቱን ቀድሞ ላሟላ? በብዙ ቦታ ዶክመንቱን ቀድሞ ያሟላ ይቀድማል፣ ስለዚህ ተመዝግቦ መጠበቅ ብቻ አይበቃም።

የመሬት ትረስት በሚል ስም ሌላ ነገር የሚሸጡ ሰዎችም አይጠፉም። እውነተኛው ትረስት ለማስመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሊዝ ውሉን ናሙና ያለማንገራገር ያሳያችኋል። ካላሳዩአችሁ ትታችሁ ውጡ።

ሦስተኛ፦ የገቢ ሚዛን

ትረስቶች የሚመለከቱት ገቢያችሁ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። ብዙ ቦታ ጣሪያው 80 በመቶ ነው፣ አንዳንድ ፕሮግራም እስከ 100 ወይም 120 ይፈቅዳል። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ሃድ ይህን ቁጥር በየዓመቱ በየአካባቢውና በቤተሰብ ብዛት ያወጣል። የቤተሰብ ብዛት ሲጨምር ጣሪያውም ይጨምራል፣ ስለዚህ አብራችሁ የምትኖር እናት ወይም አክስት ካለች ትቆጠር አትቆጠር ብላችሁ ጠይቁ፤ ገቢ ካላት የእሷም ገቢ ሊደመር ይችላል።

የኛ ሰው በተለይ የሚወድቅበት አንድ ቦታ አለ። ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚሠራ ሰው ለታክስ ማይሌጁን፣ ጥገናውን፣ ስልኩን ሁሉ ይቀንሳል፤ ወረቀት ላይ የሚቀረው ገቢ ትንሽ ነው። ለትረስቱ የገቢ ጣሪያ ይህ ይጠቅማል፣ በቀላሉ ታልፋላችሁ። ለባንኩ ግን ይጎዳል፣ ምክንያቱም ባንኩ የሚያበድረው በዚያው በተጣራው ገቢ ላይ ተመሥርቶ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የ2 ዓመት ታክስ ይጠይቃል። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ ከ2 ዓመት በፊት ከታክስ ሠሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ የሠራችሁትን በሙሉ አስመዝግቡ። ማይሌጅ የቀነሳችሁም ሰዎች ተስፋ አትቁረጡ፤ ከዚያ ቅናሽ ውስጥ የመኪናው እርጅና የሚባለውን ክፍል ባንኩ ወደ ገቢያችሁ መልሶ ሊደምረው ይችላል። ይህን የሚያውቅ አበዳሪ ፈልጉ።

አገር ቤት ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አትደብቁ። አንዳንዱ ፕሮግራም የሚያየው ባለፉት 3 ዓመታት የኖራችሁበት የራሳችሁ ቤት ነበራችሁ ወይ የሚለውን ነው፣ ሌላው ግን የትም ያለ ንብረት ይጠይቃል። በጽሑፍ ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ያዙ። ፎርም ላይ መዋሸት በኋላ ቤቱን ሊያሳጣ ይችላል።

አራተኛ፦ ገንዘቡን አዘጋጁ፣ እቁቡንም ጭምር

ዳውን ፔይመንት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከእቁብ ነው። ችግሩ ባንኩ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ሲያይ ከየት መጣ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የ2 ወር የባንክ ስቴትመንት ያያሉ፣ በእነዚያ ወራት የገባን ትልቅ ገንዘብ ማስረጃ ይጠይቁበታል። እቁብ በካሽ ወስዳችሁ ክሎዚንግ (የመጨረሻው የግዢ ፊርማ) ሲደርስ ባንክ ብታስገቡት ብድሩ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ የብዙ ባንኮችን ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜ በማኅበር የሚጠራቀም ቁጠባን እንደ ሕጋዊ የገንዘብ ምንጭ ይቀበላል። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል። አንደኛ፣ የእቁቡ ዳኛ ወይም ሰብሳቢ በጽሑፍ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ በየጊዜው ስትከፍሉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ። ዕጣው ደርሷችሁ ገና የምትከፍሉት ከቀረ ደግሞ ያ መዋጮ እንደ ዕዳ ይቆጠርባችኋል። ስለዚህ፦ መዋጮውን በካሽ ሳይሆን በቼክ ወይም በዜል ክፈሉ፣ ዝርዝሩ ያለበትን ደብተር ፎቶ አንሱት፣ ዕጣውን ከቻላችሁ ቤት ከመፈለጋችሁ ሦስትና አራት ወር አስቀድማችሁ ውሰዱ፣ ወዲያው ባንክ አስገቡት። የብድር ባለሙያው እቁብ ምን እንደሆነ ካላወቀ አትቆጡ፣ ፋኒ ሜ ስለ ማኅበራዊ ቁጠባ ያወጣውን ደንብ እንዲያይ ንገሩት።

ከወንድም ወይም ከእህት የምታገኙት ከሆነ ስጦታ መሆኑንና እንደማይመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ክሬዲታችሁንም አሁኑኑ እዩት። ለሌላ ሰው መኪና ፈርማችሁ ከሆነ ያ ዕዳ የእናንተ ነው፤ ባንኩ ዘመድነቱን አያይም።

አምስተኛ፦ ትምህርቱና ማመልከቻው

ሁሉም ትረስቶች ማለት ይቻላል የቤት ገዢዎች ትምህርት እንድትወስዱ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ 8 ሰዓት ያህል ነው፣ ሃድ የተቀበላቸው የምክር ድርጅቶች ይሰጡታል፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ የሚያልፍበት ጊዜ ስላለው በጣም ቀድማችሁ አትውሰዱት። ከዚህ ሌላ ትረስቱ ራሱ ስለ ሊዙ የሚሰጠው ገለጻ አለ። እሱን ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። አንዱ ሰምቶ ለሌላው ያስረዳበት ነገር በኋላ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

አስተርጓሚ ጠይቁ። ለልጃችሁ ተርጉም አትበሉት፤ የ14 ዓመት ልጅ ስለ ሊዝ ውል ሊያውቅ አይችልም፣ ኃላፊነቱም የእሱ አይደለም።

ስድስተኛ፦ የሊዝ ውሉን ማንበብ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ፤ የትረስቱን ወይም የባንኩን አይደለም። አብዛኞቹ ትረስቶች ይህን ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ጠበቃው ውሉን እንዳስረዳችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ከውሉ ጋር ይያያዛል። ከጠበቃው ጋር ስትቀመጡ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ።

የመሸጫው ስሌት የትኛው ነው? ከላይ ያሰላሁት ገማች ባለሙያ ለቤቱ በሚሰጠው የገበያ ዋጋ ላይ የተመሠረተውን ነው። ሌላው ዓይነት በየዓመቱ ቋሚ ጭማሪ ይሰጣል፣ ለምሳሌ 1.5 በመቶ። በዚያ ስሌት ያው የ270,000 ቤት ከ8 ዓመት በኋላ ወደ 304,000 ይደርሳል። ሦስተኛው ዓይነት ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ጋር ይያያዛል። ገበያው በጣም ከጨመረ የመጀመሪያው ይጠቅማችኋል፣ ገበያው ከተኛ ደግሞ ቋሚው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ቋሚው ጣሪያ እንጂ ዋስትና አይደለም፣ ገዢ በዚያ ዋጋ ካልተገኘ ዝቅ ልትሉ ትችላላችሁ። ሁሉንም በራሳችሁ ቁጥር አሠርታችሁ እዩ፤ ለ5 ዓመት፣ ለ10 ዓመት፣ ዋጋው ቢወድቅስ ደግሞ።

ቤቱን ባሻሽልስ? ቤዝመንት ብትሠሩ፣ መኝታ ቤት ብትጨምሩ፣ ያወጣችሁት ሲሸጥ ይታሰብላችኋል ወይ? በብዙ ውሎች የሚታሰበው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ካስፈቀዳችሁ ብቻ ነው። ወጥ ቤት መቀየር ማሻሻያ ነው ወይስ ጥገና? ውሉ ላይ ፈልጉት።

ማከራየት ይቻላል? ባጠቃላይ አይቻልም፣ ወይም ፈቃድ ይጠይቃል። ቤቱ የምትኖሩበት መሆን አለበት፣ በዓመት ቢያንስ የተወሰኑ ወራት። አገር ቤት ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት መሄድ የምታስቡ ሰዎች ይህችን አንቀጽ በደንብ እዩአት። እናት ታመው ለማስታመም የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ካሳወቀ ብዙ ትረስቶች ይፈቅዳሉ። ሳያሳውቁ ሄዶ ቤቱን ለዘመድ አስረክቦ መቆየት ግን የውል መጣስ ነው።

ብሞት ቤቱ ለማን ይሆናል? የተለመደው የናሙና ውል ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ገቢያቸው ሳይታይ እንዲወርሱና እንዲኖሩበት ይፈቅዳል። በቤቱ አብሯችሁ ላልኖረ ወንድም፣ እህት ወይም ሌላ ዘመድ ከሆነ ግን ወራሹ የገቢውን መስፈርት ማሟላት አለበት፣ ካልሆነ ቤቱ በስሌቱ ተሸጦ ገንዘቡን ይወስዳል። ኑዛዜ ጻፉ፤ ይህ በማንኛውም ቤት ላይ ያስፈልጋል፣ እዚህ ላይ ደግሞ የበለጠ።

የወር የመሬት ክፍያው ስንት ነው፣ በምን ይጨምራል? ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ነው። የንብረት ታክሱስ በየትኛው ዋጋ ይሰላል? በሙሉው የገበያ ዋጋ የሚያስከፍል ካውንቲ አለ፣ እናንተ በገዛችሁበት ዋጋ የሚያስከፍልም አለ። ይህ በወር ከመቶ ዶላር በላይ ሊለይ ስለሚችል ከካውንቲው አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሰባተኛ፦ ባንኩና ክሎዚንጉ

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። በሊዝ መሬት ላይ ላለ ቤት የሚያበድረው ሁሉም ባንክ አይደለም። ትረስቱ የሚሠራባቸው አበዳሪዎች ዝርዝር አለው፣ ከእነሱ ሁለት ሦስቱን አወዳድሩ። የጓደኛችሁ የብድር ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ይህን ዓይነት ብድር ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ ጊዜ ያባክንባችኋል። የቤት ኢንስፔክሽን በምንም አትዝለሉ። ድጎማ ያለው ቤት ነው ተብሎ ጣሪያው አያፈስም ማለት አይደለም። ክሎዚንግ ላይ የሊዙ ማስታወሻ (ሊዙ መኖሩን የሚያሳውቀው አጭር ሰነድ) በካውንቲው መመዝገቡን አረጋግጡ።

ስምንተኛ፦ ከገባችሁ በኋላ

ትረስቱ ቤቱን ሸጦ የሚጠፋ ድርጅት አይደለም። ይህ ትልቁ ጥቅሙ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍያ ሊያቅታችሁ ሲል፣ ሥራ ሲቆም ወይም መኪናው ሲበላሽ፣ አንድ ወር ሳያልፍ ደውሉላቸው። በብዙ ውሎች ባንኩ እርምጃ ከመውሰዱ በፊት ለትረስቱ ማሳወቅ አለበት፣ ትረስቱም ገብቶ ዕዳውን የማስተካከል መብት አለው። ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ከ2008ቱ የቤት ቀውስ በኋላ፣ በ2010 መጨረሻ ላይ በተደረገ ጥናት፣ በላንድ ትረስት ቤቶች ላይ ካለው ብድር በፎርክሎዠር (ባንኩ ቤቱን ለዕዳ በሚወስድበት) ሂደት ላይ የነበረው 0.46 በመቶ ብቻ ነበር። በተለመደው ገበያ 4.63 በመቶ ነበር፤ አሥር እጥፍ። ያውም የትረስቶቹ ሰዎች ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ። እኛ ችግርን መደበቅ እንወዳለን፣ ሰው እንዳይሰማ እንላለን። እባካችሁ በዚህ ነገር አትደብቁ።

ሪፋይናንስ ለማድረግ (ብድሩን በአዲስ ብድር ለመተካት) ወይም በቤቱ ላይ ተጨማሪ ለመበደር የትረስቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ይህን እንደ ቁጥጥር ያየዋል። እኔ ግን ከ2008 በፊት ሰዎችን ቤታቸውን ያሳጣቸው እንዲህ ያለ ብድር ስለነበር ጥበቃ ነው እላለሁ። በቦርዱ ምርጫም ተሳተፉ። አንድ ሦስተኛው ወንበር የእናንተ ነው፤ የመሬቱ ክፍያ ሲጨመር ወይም ስሌቱ ለአዲስ ገዢዎች ሲቀየር ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነው።

ስትሸጡ መጀመሪያ ለትረስቱ በጽሑፍ አሳውቁ። የቤቱ ዋጋ በባለሙያ ይገመታል፣ ትረስቱ ራሱ ይገዛል ወይም መስፈርቱን የሚያሟላ ገዢ ያመጣል። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ወደ ሌላ ስቴት የምትዛወሩ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

በአካባቢያችሁ ትረስት ከሌለስ?

ማቋቋም ይቻላል፣ ግን ቤት ለማግኘት ፈጣኑ መንገድ አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል። የሚያዋጣው ሰፈሩ ገና ከመወደዱ በፊት መሬት መያዝ ነው። ቦስተን ውስጥ የዳድሊ ስትሪት ነዋሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰፈራቸው በተቃጠሉ ቤቶችና በቆሻሻ የተሞላ ባዶ ቦታ በነበረ ጊዜ ተደራጅተው፣ በ1988 ከተማው ባዶ ቦታዎችን አስገድዶ የመግዛት ሥልጣን እንዲሰጣቸው አደረጉ። ዛሬ ሰፈሩ ሲወደድ ያ መሬት በእጃቸው ነው።

እናንተም ከጀመራችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ከሌላ ማኅበረሰብ ጋር ተያያዙ፤ ለብቻ አትሁኑ። የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ መለየት ስለሚከለክል ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚሸጥ ቤት መሥራት አይቻልም። የሚቻለው መረጃውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ማዳረስና የኛ ሰዎች ወረቀታቸውን አሟልተው እንዲገኙ ማገዝ ነው። ቀጥሎ በቅርብ ወዳለ ትረስት ሄዳችሁ፣ አዲስ ድርጅት ከመመሥረት ይልቅ መሬቱን በእነሱ ስም ይያዝ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። ጠበቃ፣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ የሊዝ ውል ሁሉ አላቸው፤ እናንተ ሰፈሩንና ሰዉን ታመጣላችሁ። ከዚያ መሬት ፈልጉ። ከተማው ለዕዳ የያዘው ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላል። አብያተ ክርስቲያኖቻችን ደግሞ በከተማ ዳር ሰፊ መሬትና ከእሑድ ውጭ ባዶ የሚውል ፓርኪንግ ያላቸው አሉ፣ የሰበካ ጉባኤው አባቶችና እናቶች ፊት ቀርቦ መነጋገር ይቻላል። በዲሲ የምትከራዩ ከሆናችሁ ሌላም በር አለ። ከ1980 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት አከራይ ሕንፃውን ሲሸጥ ተከራዮች ተደራጅተው ቀድመው የመግዛት ዕድል አላቸው፤ ሕጉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚሻሻል የእናንተ ሕንፃ ይካተት እንደሆነ አጣሩ። የሽያጩ ማስታወቂያ በፖስታ ሲመጣ ቀኑ መቁጠር ይጀምራል፣ ስለዚህ ፖስታውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡት፣ በዚያው ሳምንት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተሰብሰቡና ለዳግላስ ትረስት ወይም ተከራዮችን ለሚያደራጅ ድርጅት ደውሉ።